የቄስ ሚስትና ነጭ የደም ሴሎቿ

ፀሐይ በነካሽ ቁጥር ፊትሽ የሚቀላ፣ ጠዋት ስትነሺ ጣቶችሽ አልታጠፍ የሚሉሽ፣ የሄድሽበት ክሊኒክ ሁሉ «ታይፎይድ ነው» ብሎ የሚሸኝሽ ከሆነ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቢው። ወንድም ብትሆን አንብበው፤ በሽታው በሴት ላይ ቢበዛም ወንድን ጨርሶ አይምርም። ሐኪም አይደለሁም። ጎጃም ውስጥ አምበር አጠገብ በሚገኝ ትምህርት ቤት አማርኛ የማስተምር፣ ቄስ ያገባሁ ሴት ነኝ። የቄስ ሚስትነቴን ያነሣሁት ለመመጻደቅ ሳይሆን የሕመሜ ታሪክ ግማሹ በዚያ በኩል ስለሚያልፍ ነው።

ቄስ የሚያገባው አንድ ጊዜ ነው። ሚስቱን ፈትቶ ሌላ ካገባ ክህነቱ ይፈርሳል፤ ከትዳሩ ውጭ ከሄደም እንዲሁ። ባለቤቴ ይበልጣል ከልጅነቱ ጀምሮ ደብረ ወርቅ አካባቢ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ውሻ እየነከሰው የተማረ ሰው ነው። ክህነቱ ቢወሰድበት ምን ይተርፈዋል ብዬ በዚያ ዘመን ደጋግሜ አስቤአለሁ። ሁለት ጥማድ መሬትና እኔ። ሰው ፊት «አባታችን» እያልኩ በአንቱታ ነው የምጠራው፤ እዚህ ግን እንደ ቤታችን «አንተ» እያልኩ ብጽፍ ቅር አይበላችሁ።

ሕመሙ የጀመረኝ በጥምቀት ማግስት ነው። ታቦት ለመሸኘት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ውዬ ስመለስ ፊቴ ነደደ። ጠዋት በመስታወት ሳየው አፍንጫዬን ተሻግሮ ሁለቱን ጉንጮቼን የያዘ ቅላት ወጥቶብኛል። አማቴ እማማ በላይነሽ አንዴ አየት አደረጉኝና ፈረዱ።

«ምች ነው። ምች መትቶሻል ልጀ።»

ፀሐይ ላይ ውሎ የመጣ ሰው ፊቱ ሲቆስልና ሲያተኩሰው እኛ ዘንድ ምች ነው የሚባለው። ዳማከሴ ተጨምቆልኝ ተቀባሁ፣ ጠጣሁም፤ ተሸፋፍኜ አላበኝ። ቅላቱ ከሰም አለ። እማማ ደስ አላቸው፣ እኔም አመንኩ። ዳማከሴው አሽሎኝ ይሁን ቤት በመዋሌ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቀጥሎ ጣቶቼ መጡ። ጠዋት ጠዋት አብጠው አይታጠፉም፤ ጠመኔ መያዝ ስላቃተኝ ሰሌዳው ላይ ተማሪዎቼን ማስጻፍ ጀመርኩ። ከሰዓት በኋላ ያተኩሰኛል። ሻሼን ስፈታ ጸጉሬ እየተነቀለ አብሮ ይወጣል። ድካሙን ለማስረዳት ግን እቸገራለሁ። ሠርተው የሚደክሙት ድካም ቢሆን ያርፉታል፤ ይኸኛው ግን ሌሊቱን ተኝቼ አድሬ ጠዋት አብሮኝ የሚነሣ ነበር። እንጀራ ቆርሶ ወደ አፍ ማድረስ ሥራ ሆነብኝ።

በእኛ አካባቢ ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ የገባ ሰው ታይፎይድና ታይፈስ ሳይባል አይወጣም። የምርመራ ወረቀቱ ላይ ሁለቱ እንደ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተጽፈው ይመጣሉ። መድኃኒቱን ጨርሼ ዋጥኩ፤ ትኩሳቱ ተመለሰ። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ደግሞ ታይፎይድ። ሦስተኛው «ሪህ ነው፤ ሥጋ ቀንሺ» አለኝ። ሁዳዴ ከተጋመሰ ሰንብቶ ነበር፤ ሥጋ ከቀመስኩ ወር አልፎኛል። ከዚህ በላይ እንዴት እንደምቀንስ ልጠይቀው ብዬ ተውኩት። እህቴ፣ አንድ በሽታ ታክሞ ደግሞ ደጋግሞ ከተመለሰ ምናልባት መጀመሪያውኑ እሱ አልነበረም። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

በመጨረሻ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ገባን። የተመላላሽ ታካሚ አግዳሚ ወንበር ላይ ከጠዋት እስከ ቀትር ተቀመጥኩ። ጥላው እየሸሸ ፀሐዩ እግሬ ላይ ሲደርስ ከጎኔ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሳይጠየቁ ተነሡና «ነይ እኔ ቦታ ተቀመጭ፣ እኔን ፀሐይ ለምዶኛል» አሉኝ። ስማቸውን አልጠየቅኩም። ያን ቀን ያለቀስኩት በሕመሙ ሳይሆን በእሳቸው ደግነት ነው።

ወጣቱ ሐኪም የደም ምርመራዬን አየና «ነጭ የደም ሴሎችሽ በጣም አንሰዋል» አለኝ።

ጊዜው የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በየሆስፒታሉ በነፃ መሰጠት የጀመረበት ሰሞን ነው። ያኔ «ነጭ የደም ሴል» የሚባለው ስለ አንድ በሽታ ብቻ ነበር። የትምህርት ቤታችን የፀረ ኤድስ ክበብ ኃላፊ ደግሞ እኔ ራሴ ነኝ! «ነጭ የደም ሴሎች የሰውነታችን ወታደሮች ናቸው፤ ቫይረሱ እነሱን ይጨርሳቸዋል» እያልኩ ግድግዳ ሙሉ ሥዕል ያስሣልኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ሐኪሙ ተጨማሪ ቃል ሳይናገር በራሴ ላይ ፈረድኩ። ወደ ኤች አይ ቪ ምክርና ምርመራ ክፍል ላኩኝ፣ ደም ሰጠሁ። ውጤቱ «የለብሽም» ሆነ። ቆይቶ ሲደገምም «የለብሽም» አሉኝ።

ግን ከዚያ ክፍል ስወጣ ሰው አይቶኛል። እዚያ በር ገብቶ ከወጣ ሰው ላይ ውጤት የሚጠይቅ የለም፤ በሩ ራሱ ውጤት ነው። ወሬው ከአውቶቡሳችን ቀድሞ አምበር ገባ። የቄስ ሚስት ያ በሽታ አለባት ከተባለ ሁለት ጥያቄ ይከተላል፤ ከትዳር የወጣችው እሷ ናት ወይስ እሱ? እሱ ከሆነ ክህነቱ ፈረሰ፤ እሷ ከሆነችም አብሯት ከኖረ ያው ይፈርሳል።

እኛ አገር እያንዳንዱ ቤት የንስሐ አባት አለው። የንስሐ ልጆቹን ልጅ ሲወለድ የሚባርክ፣ ሲጣሉ የሚያስታርቅ፣ ሲሞቱ የሚፈታ እሱ ነው። ይበልጣል ብዙ የንስሐ ልጆች ነበሩት። አንድ በአንድ ይሸሹት ጀመር፤ ደግሞ በጨዋነት። «አባ፣ መንገዱ ራቀን» አለው አንዱ፤ ቤቱ ከአጥራችን ማዶ ነው። ቀጥሎ የደብሩ ሽማግሎች መጡ።

«አባ፣ እኛስ አምነን አይደለም» አሉት። «ሕዝቡን ያውቁታል። ወሬው እስኪበርድ ከመቅደስ አረፍ ቢሉ ምናለ?»

«ምን አጠፋሁ?»

«ኧረ ምንም! ምንም አላጠፉም።»

በሚቀጥለው እሑድ ይበልጣል እንደ ምእመን ከውጭ ቆሞ አስቀደሰ። ዜማውን ከከንፈሩ ላይ አየሁት፤ ድምፅ ግን አልነበረውም። ከሴቶች በኩል ሆኜ አየዋለሁ። ብሞትለት ይሻለው ይሆን ብዬም አሰብኩ፤ ከሞትኩ ሳያገባ በክህነቱ ይቀጥላል፣ አይደል? የሕመምን ክፋት የምታውቁት ሰውን እንዲህ ዓይነት ሒሳብ ሲያሳስብ ነው።

እማማ በላይነሽ ክፉ ሴት አይደሉም። ግን እናት ናቸው። «ልጀ፣ ለጥቂት ጊዜ ጸበል ግቢ፤ ወይም እናትሽ ዘንድ ሂጅ። ከዓይን ከራቅሽ ሰዉም ይረሳል» አሉኝ። ይበልጣል ከጓሮ ሰምቷቸው ገባ።

«እናቴ፣ እሷ ስትሄድ እኔም እከተላለሁ። ያኔ ምን ልትዪ ነው?»

የደብረ ማርቆስ ሐኪሞች በሽታውን ሊያገኙት ስላልቻሉ ግን የሄድነው አብረን አዲስ አበባ ነው። በሬ ተሸጠ፤ ስለ እሱ ሌላ አልጽፍም። እዚያ ያገኘናት ሐኪም ጠና ያለች ሴት ነበረች። ከወረቀቴ በፊት ፊቴን አየች። ፀሐይ ያቃጥልሻል ወይ? ጸጉርሽስ? አፍሽ ውስጥ ይቆስላል? ጣቶችሽ የሚብሱት ጠዋት ነው? እስከዚያ ቀን ለየሐኪሙ ለየብቻ ስናገራቸው የነበሩትን ነገሮች እሷ አንድ ላይ ጠየቀችኝ። ደሜ ደጋግሞ ተቀድቶ ተመረመረ፤ ሉፐስ ይባላል አለችኝ።

ይበልጣል እንደ ጉባኤ ቤት ተማሪ ይጠይቃት ጀመር።

«ደም ውስጥ ሰውነትን የሚጠብቁ ነጭ ሴሎች አሉ» አለችው። «አንዳንዶቹ ጠላትን ይለያሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ጠላቱ ላይ የሚጣበቅ መሣሪያ ይሠራሉ። የባለቤትዎ ጠባቂዎች የገዛ አካሏን እንደ ጠላት ቆጥረውታል። ቆዳዋን ይወጋሉ፣ መገጣጠሚያዋን ይወጋሉ፤ ያ መሣሪያ ራሳቸው ላይም ይዞራል። ቁጥራቸው ያነሰው ለዚያ ነው።»

«ማን አሳታቸው?»

«በሙሉ አይታወቅም አባ። በዘር የሚመጣ ዝንባሌ አለ፤ ፀሐይም ይቀሰቅሰዋል። እሷ ያጠፋችው ነገር ግን የለም።»

«ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል?»

«አይተላለፍም።»

«ይድናል?»

«ጨርሶ አይነቀልም። እንዲተኛ ማድረግ ይቻላል።»

ይበልጣል «እንግዲህ የቤቱ ውሻ ጌታውን መንከስ ጀምሯል። እንዳትገድሉት ሌባ አለ። ታስሩታላችሁ ማለት ነው» አላት። ሐኪሟ ሳቀች። «አዎ አባ፣ ገመዱ ይኸውልዎ» ብላ መድኃኒቱን ጻፈች። አንዱ ፕሬድኒሶሎን የሚባል የጠባቂዎቹን ቁጣ የሚያበርድ ክኒን ነው። ሌላው የምናውቀው የወባ ክኒን ነው፤ ለዚህም ያገለግላል አለች። ስንወጣ ጣቷን ቀስራ አስጠነቀቀችኝ። «ፕሬድኒሶሎኑን በድንገት እንዳታቋርጪ። የሚቀነሰው በሐኪም ነው፣ ጥቂት በጥቂት።»

ከፀሐይ ተጠለይ ስለተባልኩ ይበልጣል ጥቁር ጃንጥላውን ሰጠኝ። በጠራራ በጋ ጃንጥላ ዘርግቼ ትምህርት ቤት ስገባ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ዝናብ መጣ እንዴ?» ይሉኝ ነበር። ጎረቤቶች ደግሞ በሽታ የመከላከል አቅም ይጨምራል እያሉ ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ፌጦ፣ የማያመጡት አልነበረም። ፍቅራቸውን ተቀበልኩ። ጠባቂዎቼ ግን ጉልበት አላነሳቸውም ነበር።

ክኒኑ ሠራልኝ። ጣቶቼ ታጠፉ፣ ትኩሳቱ ጠፋ፣ ጠመኔ ያዝኩ። ደግሞም ፊቴ ሞላ፤ ክብ ሆነ፣ ጉንጬ ተነፋ። ይህ መድኃኒቱ የሚያመጣው እብጠት እንጂ ውፍረት አይደለም፤ ሐኪሟ ቀድማ ነግራኛለች። አገሬው ግን ያንን በዓይኑ ያውቀዋል። ከሲታ ሆነው የወደቁ ሰዎች ያን ሰሞን ነፃውን መድኃኒት ጀምረው ፊታቸው ሞልቶ ሲነሡ አይቷል፤ በሰዓት ጠብቀው ክኒን እንደሚውጡም ሰምቷል። ስከሳ ያሙኝ ሰዎች ስወፍር ደግሞ «ይኸው፣ መድኃኒቱን ጀምራለች» አሉ። ብከሳ ያው፣ ብወፍር ያው።

አሁን ለማስጠንቀቂያ የምጽፈውን ክፍል ልብ በሉልኝ። የአማቴ ባል ተዝካር ደረሰ። ከየአገሩ ዘመድ መጥቶ እማማ ቤት ሊሰነብት ነው፤ ሴቶቹ ሁሉ አንድ ቤት ነው የምናድረው። እማማ ወደ ጓዳ ጠሩኝ።

«ልጀ፣ ይህ ሁሉ ሰው ባለበት ክኒን ስትውጭ አያዩሽ። ለዚች ሰሞን ብቻ ተይው። ፊትሽስ ቢሆን ሞልቶ የለ? ድነሻል እኮ አንች!»

ልጃቸው መቅደስ እንዲመለስ ነው የፈለጉት። እኔም የፈለግኩት ያንኑ ነው። ዘመድ ሁሉ ክኒን ሳልውጥ፣ ጤነኛ ሆኜ ስሠራ ቢያየኝ ወሬው ይሞታል ብዬ ክኒኑን ቤቴ ትቼ ሄድኩ። ለይበልጣልም አልነገርነውም።

ድግሱ ሳያልቅ ማስታወክ ጀመርኩ። እግሬ አበጠ። ወጥ እያወጣሁ ሳለ ቤቱ ዞረብኝና ወደቅኩ፤ ለመነሣት አቅም አጣሁ። የተዝካሩ እንግዶች ቃሬዛ አበጅተው እየተቀያየሩ ዋናው መንገድ አደረሱኝ፤ ከዚያ በመኪና ደብረ ማርቆስ ገባሁ። ያሙኝም ተሸክመውኛል፤ ይህንንም መጻፍ አለብኝ።

ሐኪሙ ያቆምኩትን መድኃኒት ዓይነት በደም ሥሬ ሰጠኝና ሲሻለኝ አስረዳኝ። ለካ ሰውነት ለኑሮ የሚያስፈልገውን፣ ክኒኑን የመሰለ ንጥረ ነገር በጥቂቱ ራሱ ይሠራል፤ ክኒኑ ሲመጣለት ሥራውን ይተዋል። ክኒኑ በድንገት ሲቀር ባዶ እጁን ይቀራል። በዚያ ላይ የተፈቱት ጠባቂዎቼ ኩላሊቴ ላይ ዘምተው ነበር። ሆስፒታሉ ውስጥ ሰነበትኩ። ሌሊት ሌሊት ስነቃ ይበልጣል ወለሉ ላይ ተቀምጦ ዳዊቱን በሹክሹክታ ሲደግም እሰማለሁ፤ እስኪነጋ የምይዘው ያንን ድምፅ ነበር።

እማማ በላይነሽ መጥተው አልጋዬ ሥር ተንበረከኩ። «እኔ ነኝ የገደልኩሽ» ብለው አነቡ።

«አልሞትኩም እኮ እማማ» አልኳቸው።

«ኧረ ዝም በይ!» ብለው አለቀሱ፤ ከዚያ ሳቁ። ይበልጣል ነገሩን ያወቀው ያኔ ነው። እናቱንም እኔንም አልተቆጣም። 

ወጥቼ ባገገምኩበት እሑድ አብሬው ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ሲሰበሰብ ይበልጣል ፈቃድ ጠይቆ ቆመ። ታናሽ ወንድሙ ከአንድ ቀን በፊት «የምርመራ ወረቀቷን አንብብላቸው፤ በዚሁ ይለቅ» ብሎ መክሮታል፤ ወረቀቱ ቀሚሱ ኪስ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። ጃንጥላዬን ዘርግቼ ጠበቅኩ። ኪሱ ገባ፤ ያወጣው ግን የክኒን ዕቃዬን ነው።

«ምእመናን፣ ባለቤቴ ክኒን ትውጣለች። ይኸው። እናንተ እንዳታዩአት ብላ ስለተወችው ልትሞትብኝ ነበር። ሕመሟ ሉፐስ ይባላል፤ የደሟ ጠባቂዎች ገላዋን ጠላት ብለው የሚወጉበት ነው። ወረቀቷን አንብብ ያሉኝ አሉ። አላነብም። ‹ያ በሽታ የለባትም› ብዬ እዚህ ቆሜ ብምል፣ ያ በሽታ ያለበት ሰው ከመካከላችሁ ቆሞ ይሰማኛል። እሱ ምን ይሁን? ክኒኑን እየደበቀ ይሙት? እኔ ለማን ነው አባት የሆንኩት? ከመቅደስ ብታርቁኝ ደጁ ላይ እቆማለሁ። ሚስቴን ግን አልደብቅም።»

 እኔ ግን ውስጤ ይነድ ነበር። እውነቱን ልናገርና ተናደድኩበት። ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ አለ፤ ስሜን ሊያጠራ ሲችል ተወው! ቤት እስክንደርስ ታገሥኩ።

«ለምን አላነበብከውም? ንጹሕ ነኝ እኮ!»

«ንጹሕ ማለት ምን ማለት ነው?» አለኝ። «የታመመ ሰው ቆሻሻ ነው እንዴ? አንችስ ታመሽ የለ?»

 አልበረደልኝም፤ ራቱን አቅርቤለት ጀርባዬን ሰጥቼው ተቀመጥኩ።

መቅደስ የተመለሰው በይቅርታ አይደለም። ቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን ይፈልጋል፤ ሁለቱ ካህናት መሆን አለባቸው። አንድ የበዓል ቀን አንዱ ቄስ ዘመድ ሞቶበት ሄዶ፣ ሕዝቡ ተሰብስቦ ካህን ጠፋ። ጠዋት በራችን ተንኳኳ፤ «አባ፣ ቶሎ ይድረሱልን» ተባለ። ገብቶ ቀደሰ። ከዚያ ወዲያ ውጣ ያለው የለም፤ አጥፍተናል ያለውም የለም። የንስሐ ልጆቹ ግማሾቹ ተመለሱ፤ አጥር ማዶ ያለው ጎረቤታችን ዛሬም መንገዱ እንደራቀው ነው።

አሁን ደኅና ነኝ። ኩላሊቴ ተርፏል፣ ክኒኑ በሐኪም ትእዛዝ ጥቂት በጥቂት ተቀንሶ ትንሽ ቀርቷል፣ ፊቴም ወደ ቀድሞው ተመልሷል። አንዳንድ ዓመት ሕመሙ ይነሣል፤ ቀድሜ ስለማውቀው ወደ ሐኪም እሮጣለሁ። በሽታው አዲስ ከያዘሽ፣ ሰው ምን ይለኛል ብለሽ የምትተዪው ክኒን የለም። ይኸው ነው ምክሬ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ይበልጣል ዐውደ ምሕረት ላይ ከተናገረ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ አንዲት ሴት በራችን ላይ ቆማ አገኘኋት። ከሌላ አጥቢያ የመጣች፣ በገበያ ቀን ጨው የምትቸረችር ሴት ናት። አስገባኋት። ይበልጣል ሲመጣ ተነሥታ መስቀሉን ተሳለመችና እኔ እንድወጣ እንኳ ሳትጠብቅ ተናገረች።

«አባ፣ እኔ ያ በሽታ አለብኝ። ክኒኔን ሽሮ ዕቃ ውስጥ ነው የምደብቀው። የንስሐ አባቴን ፈርቼ ከቁርባን ከራቅሁ ቆየሁ። እርስዎ አባት ይሁኑኝ።»

«እሆንሻለሁ ልጀ» አላት።

ራት አብራን በላች። ክኒኔን በፊቷ ስውጥ አየችኝና «የአንችስ ምኑ ነው?» አለችኝ። እንደ ክበቡ ልጆች አስረዳኋት፤ ደም ውስጥ ጠባቂዎች እንዳሉ፣ የእኔዎቹ ወዳጅና ጠላት መለየት እንዳቃታቸው፣ መድኃኒቱ እንደሚያበርዳቸው። በጥሞና ሰማችኝ።

«የእኔንስ በሽታው በልቶ ጨረሳቸው» አለች። «እንዲያው ምናለ ብንካፈላቸው!»

ያን እሑድ ይበልጣል ወረቀቱን ለምን እንዳላነበበ የገባኝ ያኔ ነው። እጇን ያዝኩና ሁለታችንም ዓይናችን እንባ እስኪሞላ ሳቅን፤ ከዚያ ተነሥቼ የእሷን ክኒን መዋጫ ውኃ ቀዳሁላት።